«ሒሳብ ቀርቶብሻል» እያለ የሚደውለው ወኪል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ኪራዩ በወር 18,000 ብር ነበር። አከራይዋ አሜሪካ ናት። ቤቱን የሚያስተዳድረው ወኪሏ ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ውሉን የፈረምኩት ከሱ ጋር ነው። የኪራይ አዋጁ ሲወጣ ወረዳ ሄደን ያስመዘገብነውም አብረን ነው። ውሉ ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይላል። ኪራዩን በየወሩ የማስገባው ግን በአከራይዋ የባንክ ሒሳብ ነው። አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ አያት ልገባ ስል የአዲሱ ቤት ቀለም አልደረቀም። ለወኪሉ ደውዬ ሦስት ቀን ጠየቅኩት። «ምን ችግር አለው ልጄ» አለኝ። ጳጉሜን 3 ቁልፉን አስረከብኩ። ቤቱን ዞሮ አየ፤ ምንም አላለም። መስከረም ላይ ደወለና 2,100 ብር ቀርቶብሻል አለኝ። 1,800ው የሦስቱ የጳጉሜን ቀናት ነው። 300ው ደግሞ ከጥር 2017 ኪራይ የቀነስኩት ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ መክፈቻ ተበላሽቶ ውሃ ሲፈስ አደረ። ደውዬ ነገርኩት፣ ገዝተሽ አስቀይሪና ቀንሺ አለኝ፤ እንዳለው አደረግኩ። የተነጋገርነው በስልክ ነው። ደረሰኝ አልያዝኩም።

አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል። ሜክሲኮ ሥራ ቦታሽ እመጣለሁ ይላል። ውሉ ላይ ምስክር ሆኖ ለፈረመው ወንድሜም ደውሎ «እህትህ የሰው ገንዘብ ይዛ ጠፋች» አለው። ብሩን በራሱ ቴሌብር እንድልክለት ነው የሚፈልገው። በንዴት በቴሌግራም «ሌባ» ብዬ ጻፍኩለት። ወንድሜ ሄጄ ላናግረው እያለ ነው። እናቴ ለ2,100 ብር ደምሽን አታፍዪ፣ ወርውሪለት ትለኛለች። እኔ ግን ያልበላሁትን ዕዳ መክፈል አንገበገበኝ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ 431,700 ብር በሰዓቱ ከፍለሻል። ከዚያ በኋላ «ይዛ ጠፋች» መባል፣ ያውም በወንድም ጆሮ፣ ያማል። እናትሽም አልተሳሳቱም። 2,100 ብር ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሰላም የሚገዛ ቢሆን ኖሮ እኔም ክፈዪው እልሽ ነበር።

ሰላም ግን አይገዛም። ዛሬ 2,100 ብር በሱ ስልክ ብትልኪ፣ ነገ የውሃ ቢል መጣ ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ? የግድግዳው ቀለም ተፍቋል ቢልስ? በእጅሽ ያለው አንድ የቴሌብር መልእክት ብቻ ይሆናል። ለምን እንደተከፈለ አይናገርም። የቤቱ ባለቤት እንደደረሳትም አያሳይም። ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ ይዘሽ መውጣት ያለብሽ አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

በመጀመሪያ 2,100 የሚለውን ቁጥር ለሁለት ክፈዪው። ወኪሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚጠራው አንቺም አንድ ላይ እየተናደድሽበት ነው። የጳጉሜኗ 1,800 እና የቧንቧዋ 300 ግን ምንም አያገናኛቸውም።

ጳጉሜንን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ የሚከፈለው በወር ነው፤ በዓመት 12 ጊዜ። ጳጉሜን በነሐሴና በመስከረም መካከል ኪራይ ሳይጠየቅባት ታልፋለች። ደመወዝም ለብቻዋ አይከፈልባትም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ወኪሉም ጭምር። ግን «ጳጉሜን ነፃ ናት» ብለሽ ብቻ አትከራከሪ። ልማድ ነው ስትዪ እሱም የራሱን ልማድ ያመጣል። ከዚያ የጠነከረ ነገር በእጅሽ አለ።

ውልሽን አውጪና የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢ። «ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለሁለት ዓመት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሁለት ዓመቱ መቼ ነው የሚያልቀው? ነሐሴ 30 አይደለም። ዓመት ሲባል ጳጉሜንን ይዞ ነው። ውልሽ የሚያልቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ነው። አንቺ የወጣሽው ጳጉሜን 3 ነው። እንግዲህ በውልሽ ዘመን ውስጥ ነው የኖርሽው፤ እንዲያውም ሁለት ቀን ቀድመሽ ነው ያስረከብሽው። ያን ቀን ደውለሽ ሦስት ቀን መለመንም አልነበረብሽም። ጨዋ ስለሆንሽ ጠየቅሽ። መጠየቅሽ ግን ዕዳ አያመጣብሽም።

ሁለተኛው ማስረጃ የባንክ ስቴትመንትሽ ነው። የ2016 ጳጉሜን 5 ቀን ነበረች፤ አንቺም እዚያው ቤት ውስጥ ነበርሽ። የነሐሴ ኪራይ ገባ፣ ቀጥሎ የመስከረም ገባ። በመሃል ማንም ለአምስቱ ቀን 3,000 ብር አልጠየቀሽም። ተመሳሳይ ውል፣ ተመሳሳይ ቤት፣ ተመሳሳይ ወኪል። በ2016 ያልተጠየቀ ነገር በ2017 ከየት መጣ? ወኪሉ «ያኔ ስለምትቀጥዪ ነው፤ አሁን ግን ወጥተሻል» ሊል ይችላል። ውሉ ነሐሴ 30 የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ትንሽ ያስኬደው ነበር። የአንቺ ውል ግን ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ 1,800 ብሯን አትክፈዪ።

300ዋ ላይ ግን አቋሜ ሌላ ነው። ቅር እንዳይልሽ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተባለ አንዳንድ ትንንሽ ጥገናዎችን ለተከራይ ይተዋል። በርና መስኮት፣ ወለል፣ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ የመሳሰሉትን። ብልሽቱ በእርጅና የመጣ ከሆነ ደግሞ ተከራይ ላይ አይወድቅም። እንግዲህ ያ መክፈቻ አርጅቶ ነው የተበላሸው ወይስ በአጠቃቀም? አሮጌው ዕቃ ተጥሏል። የአዲሱ ደረሰኝ የለም። ወኪሉ ቀንሺ ያለሽ በስልክ ነው፣ አሁን አላልኩም ቢል የምታሳዪው ነገር የለም። በባንክ ስቴትመንቱ ላይ ግን 17,700 የሚል መስመር አለ። ለማንኛውም ሰው፣ በተለይ አሜሪካ ሆና ሒሳቧን ለምትቆጥር ሴት፣ 300 ብር የጎደለ ነው የሚመስለው።

ለአንቺ የሚያግዝ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ከጥር በኋላ ሰባት ወር ኪራይ ከፍለሻል፤ አንድም ቀን 300 ጎደለ አላለሽም። ይህ ይመዝናል። ግን ለ300 ብር ይህን ሁሉ ማስረዳት ያስፈልግሻል? በአንቺ ቦታ ብሆን እከፍላታለሁ። ጥቅምም አለው። የሚያጠራጥረውን ክፍል ራስሽ ከፍለሽ ስትገኚ፣ «ጳጉሜንን አልከፍልም» ስትዪ የሚሰማሽ ሰው ቃልሽን ያከብራል። አከራይዋም ትሁን፣ የወረዳ ሠራተኛም ይሁን፣ ሽማግሌም ይሁን፣ መጀመሪያ የሚያየው ማን ቀና እንደሆነ ነው።

ግን ለማን ትከፍያለሽ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ በዪ። ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራዩ የገባው በአከራይዋ ሒሳብ ነው። አሁን ቀረ የተባለው ገንዘብ ለምን በወኪሉ ስልክ ይሄዳል? ምናልባት ክፉ ሐሳብ የለውም። ለልፋቴ ይሁን ብሎ ሊሆን ይችላል፣ አከራይዋም ውሰደው ብላው ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ይህን የመገመት ግዴታ የለብሽም። በሕጋችን ዕዳ ተከፈለ የሚባለው ለባለገንዘቡ ወይም ባለገንዘቡ ሥልጣን ለሰጠው ሰው ሲከፈል ነው። ውክልና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ውልና ማስረጃ ሄደው ካሠሩት ወረቀት አንዱ ማከራየትን ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌላው ኪራይ መቀበልን፣ መክሰስንም ይጨምራል። ውክልናውን አሳየኝ ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብትሽ ነው። ውል ስትፈራረሙ ቅጂ ተያይዞ ከነበረ እሱን አንብቢ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጁም፣ ቁጥር 1320/2016 የሚባለው፣ ኪራይ በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ቴሌብር በራሱ ችግር የለውም። ነገሩ ያለው የማን ስልክ ነው በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ውክልናው የፈለገውን ቢል፣ 300ዋን እስከ ዛሬ በምታስገቢበት በዚያው ሒሳብ አስገቢ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥር 2017 ኪራይ ቀሪ» ብለሽ ጻፊ። ባዶ አትተዪው፣ «ኪራይ» ብለሽም ብቻ አትለፊው። የዝውውሩ መለያ (ኤፍቲ) ቁጥር ያለበትን ደረሰኝ ስልክሽ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም። የሁለቱን ዓመት ስቴትመንትም ከባንክ አውጥተሽ ከውሉ ጋር አንድ ላይ ያዢ።

ስልክ ማንሳቱን አቁሚ ልልሽ ነበር፤ ግን መጥፋት «ጠፋች» የሚለውን ወሬ እውነት ያስመስለዋል። አንድ ጊዜ አንሺና በእርጋታ «ጋሼ፣ ሁሉንም በጽሑፍ እልክልዎታለሁ፤ እርስዎም በጽሑፍ ይመልሱልኝ» በዪው። ከዚያ ወዲያ በስልክ ስለ ሒሳብ አታውሪ። በስልክ የተባለ ነገር ምን እንደሚያስከትል ከቧንቧው አይተሽዋል።

«ሌባ» ያልሽውን ግን መልሺው። ይህን የምልሽ እሱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚል አይደለም። ስድብ በወንጀል ሕጋችን ያስከስሳል። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ የተገኘ ጥፋት ቢኖር ያ አንድ ቃል ነው፤ የተጻፈውም ከአንቺ ስልክ ነው። ከዚህም በላይ አባት የሚሆን ሰው ነው። ይቅርታ ስትጠይቂ ሒሳቡን አመንሽ ማለት አይደለም። መልእክቱን አጥፍተሽ እንዳልነበረ ለማድረግም አትሞክሪ፤ እሱ ዘንድ አለ።

እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፤ በራስሽ ቃል ቀይሪው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ባለፈው በንዴት የጻፍኩት ቃል ተገቢ አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ቤቱ ሒሳብ፦ ለቧንቧ መክፈቻ ከጥር 2017 ኪራይ የቀነስኩትን 300 ብር ዛሬ ውሉ ላይ ባለው የአከራይዋ ሒሳብ አስገብቻለሁ። ደረሰኙ ይኸው። የጳጉሜን ሦስት ቀን ግን በሁለት ዓመቱ ውል ውስጥ ያለ ነው፤ በ2016ም አልተጠየቀም። ስለዚህ አልቀበለውም። ሌላ ቀረ የሚሉት ካለ ከየትኛው ወር እንደሆነ ዘርዝረው በዚህ ይጻፉልኝ። ከሌለ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ቁልፍ ማስረከቤንና የኪራይ ዕዳ እንደሌለብኝ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ የሚመችዎት ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ ለወንድሜም ለሥራ ቦታዬም እንዳይደውሉ እለምንዎታለሁ።»

ይህን ስትልኪ ቅጂውን ለአከራይዋ ላኪላት። አድራሻዋ ከሌለሽ ውሉ ላይ ፈልጊ፤ ከጠፋም ራሱን ጠይቂው። ግምቴን ልንገርሽ። አከራይዋ ስለ 300ዋ ጠይቃ ይሆናል፣ እሷ የባንክ ሒሳቧን ታያለች። ስለ ጳጉሜኗ 1,800 ግን የሰማች አይመስለኝም። ሰምታ ከሆነም ከራሷ አፍ ስሚው። ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ለቤቱ ባለቤት በቀጥታ ሲጻፍላት ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሁለት ዓመት በሰዓቱ የከፈለ ተከራይ ምን ያህል እንደሚናፈቅ ታውቃለችና።

ሊፈርምልሽ ከተስማማ ቤቱ አትሂጂ፣ ሥራ ቦታሽም አይምጣ። የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ቢሮ ጥሩ ነው፤ ሰው አለ፣ ሁለታችሁንም ያውቋችኋል። ወረቀቱን አንቺ አዘጋጅተሽ ሂጂ። የቤት ቁጥሩ፣ ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ ቁልፍ የተረከበበት ቀን፣ «ከኪራይ ጋር የተያያዘ ዕዳ የለባትም» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ስሙና ፊርማው፣ ቀን። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሁለት ቅጂ አድርጊው፣ አንዱን ለሱ ስጪው። ገንዘብ የከፈለ ሰው ደረሰኝ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሕጉ ራሱ ይላል፤ እየለመንሽው እንዳይመስልሽ።

እምቢ ካለስ? ውሉን ያስመዘገባችሁበት የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አለልሽ። ስቴትመንቱን፣ ውሉን፣ የተጻጻፋችሁትን አትመሽ ሂጂና በጽሑፍ አመልክቺ። «እከስሻለሁ» ካለሽም አትደንግጪ። ይክሰስ። ከሳሽ ስለሆነ ዕዳውን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው፤ ለጳጉሜኑ ደግሞ ውሉ ራሱ ይመልስለታል። ለ1,800 ብር ክስ ጽፎ፣ ቀጠሮ እየቆጠረ የሚመላለስ ሰው ይኖራል ብዬም አላስብም። ግን ዝም ብለሽ ጊዜ እስኪያልፍ አትጠብቂ። የቤት ኪራይ ሁለት ዓመት ካለፈው እንደተከፈለ ይገመታል የሚል ድንጋጌ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየበረገጉ መኖር ግን ምን ኑሮ ነው?

ወንድምሽ አይሂድ። በፍጹም። እሱ የፈረመው ምስክር ሆኖ ከሆነ ዕዳ የሚባል ነገር አይነካውም፤ ምስክር የሚያስረዳው ውሉ ፊቱ እንደተፈረመ ነው። ዋስ ሆኖ ቢፈርም ነገሩ ሌላ ነበር፤ ስለዚህ ከስሙ በላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ዛሬውኑ አረጋግጡ። ምስክር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሲደወልለት የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «እህቴን በጽሑፍ ያነጋግሯት»። ሄዶ ላናግረው ካለ ሁለት ወንዶች ሰንጋ ተራ አስፋልት ላይ ድምፅ ከፍ ከፍ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የኪራይ መሆኑ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሱ በፊት ቅደሚው። የመጨረሻው ወር የውሃና የመብራት ቢል ተከፍሏል? የጥበቃና የጽዳቱ ወርኃዊ መዋጮስ? የውሃ ቢል ከፍጆታው ዘግይቶ ስለሚመጣ ብዙ ተከራይ ከወጣ በኋላ ነው የሚያገኘው። የነሐሴን ቢል ጠይቀሽ ክፈዪ፣ ደረሰኙን ከሌሎቹ ጋር አስቀምጪ። መዋጮውንም ከማኅበሩ አጣሪ። የቀረ ካለ በእርግጥ የአንቺ ዕዳ ነው፤ ያለ ክርክር ክፈዪው። ወረቀቱን ለማስፈረም ከመሄድሽ በፊት ይህ ይለቅ፤ አለበለዚያ «ገና የውሃው አለ» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጥብሻል።

መልእክቱን ማታ አትላኪ። ጠዋት በሥራ ሰዓት፣ 300ዋ ከገባች በኋላ፣ ደረሰኙን አያይዘሽ ላኪው። መልሱን ለማሰብ ሦስት አራት ቀን ስጪው። ከዚያ ዝም ካለ ቅጂ የላክሽላትን አከራይዋን መልስ ጠይቂ፣ እሷም ዝም ካለች ወደ ወረዳው ሂጂ። ለእናትሽም 300 ብር መክፈልሽን ንገሪያቸው፤ ቢያንስ ግማሽ ሐሳባቸው ይረፍላቸው።